ሰርዶው ሳይደርቅ

በቢቸና ከተማ ደጇ ላይ ሣር የተከለች ሴት የእኔ ሚስት ብቻ ነበረች። ሣር ይታጨዳል፣ ከብት ይግጠዋል፣ ለበዓል ይጎዘጎዛል እንጂ ይተከላል ብሎ ያሰበ ሰው በዚያ ከተማ አላውቅም። ጊዜው የንጉሡ ዘመን ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነው። እኔ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። እሷን ያገባኋት ከሞጣ ነው፤ ዝምታ የምታበዛ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ልጅ አልወለድንም። የተከራየነው ቤት ደጁ ሰፊና ባዶ ስለነበር በበጋ አቧራው አልጋችን ድረስ ይገባል። ያን አቧራ የሚይዘው ሣር ብቻ ነው አለችና ሰኔ ላይ ገበያ ወጥታ ከአንድ ገበሬ ጋር ተነጋግራ ተመለሰች።

ገበሬው በሳምንቱ አንድ ጆንያ ሰርዶ በአህያ ጭኖ መጣ። ሰርዶ የገበሬ ጠላት ነው። እርሻ ውስጥ ከገባ ከጤፉ ጋር ይሻማል፤ በማረሻ ቢገለብጡት ከተቆረጠችው ሥር እንደገና ይነሣል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሲለቅመው ይውላል። ሰውዬው ጆንያውን ሲዘረግፍ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"እመቤቴ፣ እኛ ይህን ለማጥፋት ወገባችን ተቆረጠ፤ እርስዎ ሊያሳድጉት ነው?" አላት።

"እናንተ ጠልታችሁት ካልጠፋ፣ እኔ ወድጄው እንዴት ሊሆን ነው?" አለችው።

ሥሩን በስንዝር በስንዝር እየቆረጠች በሐምሌ ዝናብ ተከለችው። ሰፈሩ ሳቀብን። ጸሐፊው በሬ ሊገዛ ነው፣ ከበሬው በፊት ግጦሹን አዘጋጀ ተባለ። እኔም ቁጣ የሚቀድመኝ ሰው ነኝና አንድ ሁለቱን ተጣላሁ። መስከረም ሲጠባ ግን ደጃችን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። በአጥሩ ሥር ጽጌረዳ፣ በጓሮው በር በኩል አንድ የሎሚ ችግኝና ጤና አዳም ጨመረች። የሳቁብን ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በራችን ላይ ቆም እያሉ ማየት ጀመሩ።

ክረምት ላይ ሣር ማሳደግ ሥራ አይደለም፤ ሥራው ከጥር በኋላ ነው። ፀሐዩ ይከራል፣ ነፋሱ ይደርቃል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል። እኔ በጉጉት በየማታው አንድ ጣሳ ውሃ እረጭ ነበር፤ እሷ አይታኝ ተቆጣች።

"ምነው ታስቀምሰዋለህ? አጥግበውና አራት አምስት ቀን ተወው" አለችኝ።

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ሣር ሥሩን ወደ ላይ አንጋጦ ይቀራል፤ አንድ ቀን ውሃው ሲቀርበት ይጠወልጋል። አጥግበው ያጠጡት ግን ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን ከማን እንደተማረችው እንጃ። በበጋ ሣሩን በማጭድ ጨርሶ መላጨት አትፈቅድም ነበር፤ ረዘም ሲል ለራሱ እግር ያጠላል ትላለች። ጽጌረዳዎቹ ሥር የጤፍ ጭድ ታለብሳለች። የሎሚውን ዙሪያ ውሃ እንዲይዝ ጎድጎድ ታደርገዋለች። እህል የታጠበበት ውሃ ለጽጌረዳው፣ እጅ የታጠበበት ለሎሚው ነው፤ ንጹሑን ለሣሩ ትሰጠዋለች። ቀትር ላይ ውሃ ይዤ ካየችኝ ከእጄ ትነጥቀኛለች።

ውሃ የምንቀዳው ከጎረቤታችን ጉድጓድ ነበር። ጎረቤታችን ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ባለቤታቸው ደግሞ ለሚስቴ እንደ እናት ነበሩ። መጋቢት ላይ የጉድጓዱ ውሃ ስለሚሸሽ ገመዱን እየቀጠልን እንቀዳለን። የኔታ አንድ ቀን እንኳ ውሃችንን ጨረሳችሁ ብለው አያውቁም።

በሦስተኛው ዓመት ኅዳር ላይ ሚስቴን ሳል ያዛት። ብርድ ነው አልን፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ዳማ ከሴ፣ የተባለውን ሁሉ ሞከርን። ታኅሣሥ ላይ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ደም አየሁ። ያን የነጠላ ጫፍ ስትስቅ ነበር የማውቀው። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው ብሎ መርፌ ጀመረላት፤ እሷ ግን እናቷ ዘንድ መሆን ፈለገች። እዚያ የሚያስታምማት ሰው አለ፣ ጠበሉም ቅርብ ነው፣ መርፌውንም ሞጣ የሚወጋ አይጠፋም ተባለ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ በጭነት መኪና ጋቢና አሳፈርኳት። በዚያ ጊዜ ከቢቸና ሞጣ መኪና የሚሄደው በበጋ ብቻ ነበር፤ ክረምት ከገባ ጭቃው መንገዱን ይዘጋዋል።

አብሬያት ልሂድ ብል አለቃዬ አይከለክለኝም ነበር። አልጠየቅሁትም። አድርሳት ልመለስ የሚለው ሐሳብ እንኳ አልመጣልኝም፤ ወንድሟ መጥቶ ይዟት ሄደ። መኪናው ሲነሣ በመስኮት አንገቷን አውጥታ "ሣሬን እንዳታደርቅብኝ" አለችኝ። ሰው ሲለያይ የሚለው ይጠፋውና አንድ ነገር ይላል። እኔ ግን ያችን ቃል እንደ ትእዛዝ ያዝኳት።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በክታብና በመተት የሚያምኑትን ስቀልድባቸው የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ከራሴ ጋር አንድ ነገር ተስማማሁ፦ ሣሩ እስከ ሰኔ ከቆየ እሷም ትቆያለች። ማንም አላዘዘኝም፣ ካህን አልመከረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመሥሪያ ቤት ስወጣ ኮቴን አውልቄ ገመዱንና ባልዲውን እይዛለሁ። ደጁን በአራት ከፍዬ በየቀኑ አንዱን ክፍል አጠግባለሁ። ጭዱን እሷ እንዳለበሰችው አለበስኩ። ጽጌረዳዎቹን ከቀትር ፀሐይ በቅጠል አስጠለልኳቸው። አንድ ቦታ ላይ ቢጫ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ደብዳቤ በየሳምንቱ እጽፍላት ነበር፤ የሚያደርሰው ያው የመኪናው ሾፌር ነው። እሷ ፊደል ብትቆጥርም እጅ ጽሑፍ ማንበብ ይከብዳታል፤ ስለዚህ ፊደሉ ጎላ እንዲልላት በመሥሪያ ቤቱ ታይፕ እመታው ነበር። እንዲያም ሆኖ ታማ ስለደከመች የሚያነብላት የጎረቤታቸው ዲያቆን ነው፤ መልሷንም የሚጽፈው እሱ ነው። በሰው አፍ የሚነበብ ደብዳቤ ላይ ናፈቅሽኝ ብሎ መጻፍ አልሆነልኝም። ታይፑ ፊት ስቀመጥ ደግሞ እጄ ወደለመደው ይሄዳል። አንድ ጊዜ ሳላስበው "ጉዳዩ፦ የግቢውን ሁኔታ ስለ ማሳወቅ" ብዬ ጀምሬ እንዲያው ላክሁት። ሣሩ በመልካም ይዞታ ላይ ይገኛል፤ ጽጌረዳዎቹ ሰባት አበባ አውጥተዋል፤ ሎሚው አዲስ ቅጠል አቆጥቁጧል፤ አንቺም ጤንነትሽን ጠብቂ። ለገዛ ሚስቴ የጻፍኩት ይህን ነበር።

የእሷ ደብዳቤ ሁልጊዜ አጭር ነው። ደኅና ነኝ፣ እናቴ ደኅና ናት፣ ጠበሉን እየጠጣሁ ነው። መጨረሻው ላይ ሳትጠይቅ የቀረችበት ጊዜ የለም፦ ሣሩስ እንዴት ነው? እኔም ሳነብ ደስ ይለኛል። ልቧ እዚህ ነው፣ ደጇን እያሰበች ነው፣ ለመመለስ እየተዘጋጀች ነው እላለሁ። እንደገና ባልዲዬን አነሣለሁ።

ሾፌሩ የካቲት ላይ "ጋቢናው ባዶ ነው፤ ና እንሂድ፣ ቅዳሜ ትመለሳለህ" አለኝ።

"ሣሩን ማን ያጠጣልኛል?" አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። እኔ እንደማልስቅ ሲያይ ሳቁን ተወ። የየኔታ ባለቤት ይህን ሰምተው መጡ።

"ልጄ፣ እኛ የት ሄደን? ውሃው ከእኛው ጉድጓድ፣ እጁም ከእኛ። ሂድና እያት" አሉኝ።

"እናቴ፣ እርስዎ ይደክምዎታል፤ ልኩንም እኔ ነኝ የማውቀው" ብዬ መለስኳቸው።

ያ ሰርዶውን የሸጠልን ገበሬም አንድ የገበያ ቀን በደጄ ሲያልፍ ባልዲ ይዤ አገኘኝ። ቆሞ አየኝና "ጌታዬ፣ ምን ያደክምዎታል? ሰርዶ እኮ አይሞትም። ቢደርቅ ላዩ ነው የሚደርቀው፤ ዝናብ ሲነካው ከሥሩ ይነሣል። እኛ መሞቱን ፈልገን እንኳ አልሞተልንም" አለኝ። ጮህኩበት። ሥራህን ሥራ፣ ማንም አልጠየቀህም አልኩት። ሰውዬው አህያውን ነድቶ ሄደ። እውነቱን እንደነገረኝ አውቄ ነበር፤ የተቆጣሁትም ስለዚህ ነው።

ዛሬ አርጅቻለሁና ልናገረው። ፈርቼ ነበር። ስትሄድ አንገቷ ቀጥኖ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አይቻታለሁ። ከዚያም ብሶባት ማየት ፈራሁ። ከአልጋዋ አጠገብ ባዶ እጄን ተቀምጬ ስትስል መስማት ፈራሁ። እዚህ ግን የሚሠራ ነገር ነበረኝ፤ ውሃ ባፈሰስኩበት ልክ የሚለመልም ነገር ነበረኝ። ሰውም ያመሰግነኛል፤ ለሚስቱ ብሎ እንዴት ይደክማል ይለኛል። ምስጋናውን ተቀብያለሁ። ዝናብ ሲጥል ሣሩ እኔን አይፈልግም፣ ያኔ እሄዳለሁ እል ነበር። ዝናብ ሲጥል መንገዱ እንደሚዘጋ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

እንዲህ እያልኩ ሁዳዴ ሊያልቅ ተቃረበ። የሆሣዕና ማግስት፣ ሰኞ ማታ፣ የየኔታ ባለቤት እንስራ ሙሉ ውሃ አዝለው ደጄ መጡ። ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ ውለው፣ በባዶ ሆዳቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው። ደንግጬ ልቀበላቸው ብል አልሰጥም አሉኝ። ራሳቸው ጎንበስ ብለው ሣሩ ላይ ቀስ አድርገው አፈሰሱት። ማክሰኞ ሌላ ጎረቤት መጣ። ረቡዕ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሁለት ባልዲ ቀድቶ አመጣ። ያ ከበሬው በፊት ግጦሹን ያዘጋጀ እያለ ሲቀልድብኝ የነበረው ሰው ሳይቀር ገመዱን ከእጄ ወስዶ ሲቀዳልኝ አመሸ። የሚናገር የለም። በሰሙነ ሕማማት መሳሳም የለም፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዓይናቸውን ከእኔ ሲያሸሹ ወጉ ነው ብዬ አለፍኩት። በልቤ ግን ኮራሁ። እነሆ ሣሯን አገር ሁሉ ወደደላት አልኩ።

ያንኑ ለእሷ ጻፍኩ። በዚያ ሳምንት ታይፑን ትቼ በእጄ ጻፍኩት፤ ረጅም ነበር። ከተማው በሙሉ ውሃ እያመጣልሽ ነው፣ ሣርሽ እንዲህ ለምልሞ አያውቅም፣ ከፋሲካ በኋላ ስትመጪ ራስሽ ታዪዋለሽ አልኳት። ናፍቀሽኛል የሚለውንም ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩት፤ ዲያቆኑ ያንብበው፣ ምን ያመጣል ብዬ። ሐሙስ ዕለት ለሾፌሩ ስሰጠው ደብዳቤውን ተቀበለና ፊቴን ሳያይ ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ የኔታ እንደ ወጉ ትንሣኤውን እያበሠሩ በሰፈሩ ቄጤማ ያድሉ ነበር። ደጄ ደርሰው አንዷን ዘለላ ግንባሬ ላይ አሰሩልኝ።

"የኔታ፣ አንድ ይጨምሩልኝ፤ ሞጣ ልልክላት ነው" አልኳቸው።

የኔታ እጃቸው ቄጤማው ላይ ቀረ። ከዚያ አንዲት ለምለም መርጠው ሰጡኝና ወጡ። እኔም እንዳትደርቅ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት።

ፋሲካን የኔታ ቤት ዋልኩ። ከበጉ መልካም መልካሙን ሲያጎርሱኝ ዋሉ። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ሣሩን ለማጠጣት ተነሥቼ በሩን ስከፍት ደጄ ላይ ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፣ ሴቶቹ አጥሩ ጋ ተቀምጠዋል። የኔታ ከፊት ናቸው። በእኛ አገር ሰው በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አቋቋም የሚመጣው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ባልዲው በእጄ ነበር። የኔታ ባልዲውን ቀስ ብለው ተቀብለው መሬት አስቀመጡት።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ" አሉ። ሴቶቹ ልቅሶውን አነሡት።

መጮህ ነበረብኝ፤ ደረት መምታት ነበረብኝ። እኔ ግን የኔታን ክንዳቸውን ይዤ "መቼ?" አልኳቸው። "መቼ ነው የኔታ?" አልኩ እንደገና።

"ከሆሣዕና በፊት፣ ዓርብ። ለእኛ የደረሰን ሰኞ ነው" አሉኝ።

ሰኞ የመጀመሪያው እንስራ የመጣበት ቀን ነው። ዘበኛው፣ ጎረቤቱ፣ ያ ቀልደኛ፣ ሾፌሩ፣ ሁሉም ያውቁ ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ ለሞተች ሴት ሣር ውሃ ሲያመላልሱ ከርመው እኔ አመሰግናቸው ነበር። ደብዳቤውን ስጽፍ ከተቀበረች ቀናት አልፈዋል። ቄጤማውን ስጠይቃቸው የኔታ ያውቁ ነበር። ሽማግሌ ላይ እንዲያ ተጮሆ አይታወቅም፤ እኔ ጮህኩባቸው። ውሸታም አልኳቸው። ልቅሶዬን ሰረቃችሁኝ አልኳቸው። ሰዎች ሊይዙኝ ሲመጡ የኔታ ተዉት አሏቸው።

"በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት የለም። ወዳጅ ዘመድ በጾም በስግደት ደክሟል። ጾምህን በእንባ ከምትፈታ፣ በዓሉ ይለፍልህና ጉልበት አግኝተህ ታለቅስ ዘንድ ተማክረን ነው። ከበደልንህ ይቅር በለን" አሉኝ። እሳቸውም ያለቅሱ ነበር። ወጉ እንደዚያ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ከሌላ ሰው መርዶ ደብቄ አውቃለሁ። በራሴ ሲደርስ ግን ወጉን ጠላሁት።

ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። ደጁ ሰፊ ነውና ለቀስተኛው ሁሉ የተቀመጠው ሣሩ ላይ ነበር። ሰው እየገባ ሰው ሲወጣ ተረጋግጦ መሬት ላይ ተኛ። ዓይኔ እያየ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። በአራተኛው ቀን ሾፌሩ ጋቢናውን ከፍቶ ጠበቀኝ፤ መንገዱ ገና ደረቅ ነበር። ጠዋት ተነሥተን ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞጣ ገባን። ያን ሁሉ ወር ልሄደው ያልቻልኩት መንገድ ይኸው ነው።

አማቴ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ከል ለብሰው በር ላይ ተቀበሉኝ። ሁለታችንም እስኪወጣልን አለቀስን። መቃብሯን አይቼ ስመለስ ምግብ አቀረቡ፤ አልበላም ብል አልሰማም አሉኝ። ደብዳቤዎቼን ሁሉ ከትራሷ ሥር ማግኘታቸውን ነገሩኝ፤ የመጨረሻው ሳይከፈት በእጃቸው ነበር። እኔም፣ እናቴ፣ ሣሯን እንኳ አላደረቅሁባትም አልኳቸው። ያን ስናገር እንዲያጽናኑኝ ፈልጌ ነበር፤ አውቀዋለሁ።

አማቴ ወጡን እየጨለፉልኝ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ የሆነውን ብቻ ነገሩኝ።

"ምነው ባደረቅህባት፣ ልጄ። ደብዳቤህ በመጣ ቁጥር ዲያቆኑን ቀድማ የምትጠይቀው የሣሩን ነገር ነበር። ለምልሟል ሲላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ልጥራው ወይ ብላት እንቢ አለችኝ፤ ሰው እያስጠራች ባል አታመጣም፣ ታውቃት የለ? 'ተዪው እማዬ፣ አሁንስ በጋው ከርሯል፤ ሣሩ ሰሞኑን ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይመጣል' ትለኝ ነበር። በዚያችም ዓርብ ጠዋት ፀሐዩ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከባድ ነው አልኳት። ደስ አላት።"